እናታችሁ ኪኒኑን ለምን እንደማትውጠው ታውቃላችሁ?

ልጆች፣ ዛሬ ስለ ታላቅ እህቴ ልጻፍላችሁ። እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ ጤና ባለሙያ በሚያሠለጥነው የጎንደር ኮሌጅ ተምሬ፣ ጡረታ እስክወጣ የሰው ደም ግፊት ስለካ ኖሬያለሁ። የዛሬውን ምክር ግን ያገኘሁት ከእሷ ነው።

አባታችን ደምቢያ ውስጥ የገጠር ደብር ቄስ ነበሩ። ከቤታችን የቆሎ ተማሪ አይጠፋም። እህቴ እንጀራ እየጋገረች፣ ደጅ የሚደገመውን ጆሮዋን ጥላ ትሰማለች። እንዲሁ በመስማት ብቻ ውዳሴ ማርያምን በቃሏ ትወጣው ነበር። ፊደል ያስቆጠራት ግን የለም። እኔ ወንዱ አስኳላ ተላክሁ፣ እሷ በልጅነቷ ለገበሬ ተዳረች። የቄስ ልጅ ጨዋ ናት ተብሎ ጠያቂዋ ብዙ ነበር። ዛሬ 18 ዓመት ያልሞላትን መዳር በሕግ ያስጠይቃል፣ እሰይ!

ባሏ ደግ ሰው ነው፣ አልዋሽም። ሥራው ግን በደግነት አያልቅም። ጤፉን ታርማለች፣ ሽምብራውን ትነቅላለች፣ ጠላ ትጠምቃለች፣ ውሃ ትቀዳለች፤ በገበያ ቀን ደግሞ ነጭ ሽንኩርቷንና ጥቁር አዝሙዷን ተሸክማ ቆላ ድባ ድረስ በእግሯ ትሄዳለች። አንድም ጾም አታልፋትም።

ግፊቷ የታወቀው ለሌላ ነገር ጤና ጣቢያ ሄዳ ነው። የግፊት ክፋቱ ይሄ ነው፤ የላዩ 140፣ የታቹ 90 አልፎ እንኳ ብዙ ሰው ምንም አይሰማውም። ኪኒን ታዘዘላት። በየወሩ ሄዳ ትቀበላለች። "ትወስጃለሽ?" ስትባል "እንዴታ!" ትላለች። ካርዷን ያየ ሁሉ ጎበዝ ታካሚ ይላታል።

በሁዳዴ አንድ ማለዳ ሊጥ ስታቦካ እጇ ከዳት። አፏ ተጣመመ፣ ምላሷ ተሳሰረ። ያልታከመ ግፊት የሚያመጣው የአንጎል ምት (ስትሮክ) ነበር፤ ግን "ልክፍት ነው" ተባለ። ጠበል ተረጨ፣ ተጠበቀ። ጎንደር ሆስፒታል ስትደርስ መሽቷል። ብዙም ሳትቆይ አረፈች፤ አባታችን ባገለገሉበት ደብር ቀበርናት።

ከቀብሩ በኋላ ሙዳይዋ ሲከፈት ኪኒኑ እንዳለ ተገኘ። ምክንያቱን የነገረችን ጎረቤቷ ናት። ያ ኪኒን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይባላል፣ ሽንት ያመላልሳል። ገበያ መሀል ሴት ልጅ የት ትሂድ? ቅዳሴ ላይስ? አቋርጦ መውጣት ለእሷ፣ ለቄስ ልጅ፣ የማይታሰብ ነው። በጾም ደግሞ ሰዓቱ ሳይደርስ ውሃም አፏ አይገባም፣ እንኳን ኪኒን። ይህን ለወንድ ሐኪም መናገር አፈረች። ጎበዝ ታካሚ የተባለችበትን ስምም ማጣት ያልፈለገች ይመስለኛል።

የሚያናድደኝ መፍትሔው ቀላል መሆኑ ነው። እንደዚያ ሽንት የማያመላልስ ሌላ መድኃኒት አለ። ለምሳሌ አምሎዲፒን በቀን አንዴ ነው፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት እስከሆነ ድረስ ማታ ከእራት በኋላም ይዋጣል። ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን የታመመን ሰው በጾም አታስጨንቅም።

እና ለበዓል አገር ቤት ስትገቡ እናታችሁን "መድኃኒትሽን ወሰድሽ?" ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ኪኒኑን ካስቀመጠችበት እንድታወጣው አድርጉና አብራችሁ እዩት። ውሎዋን ጠይቋት፦ ስንት ሰዓት ትነሳለች፣ መቼ ትቀምሳለች፣ በመንገዷ ሽንት ቤት አለ ወይ? ከዚያ አብራችኋት ጤና ጣቢያ ሂዱና እሷ ያፈረችውን እናንተ ተናገሩላት። የጎረቤት ኪኒን እንዳትሰጧት፣ በራሳችሁም እንዳትቀይሩ፤ መቀየር የሐኪሙ ሥራ ነው። የነፍስ አባቷን ደግሞ ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ከእኔ ቢጤው መቶ ምክር ይልቅ የእሳቸውን አንድ ቃል ትሰማለች።

ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተንተባተበ ደግሞ የጀመረበትን ሰዓት ያዙና በተገኘው መኪና ወዲያው ሆስፒታል። ጠበሉን ይዛችሁ ሂዱ፣ ማንም አይከለክላችሁም። በአፏ ግን እንዳታጠጧት፣ ትን ሊላት ይችላል።