መልስ፦ ከስኳት (ቁጭ ብድግ) በኋላ ሽንቴ ኮካ መሰለ፣ ውሃ ብጠጣ ይለቀኛል?

ወንድሜ፣ ውሃ ብቻውን አይበቃም። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ! ስድስት ወር አርፈህ በአንድ ቀን 200 ስኳት ሠርተሃል። ተራ የጡንቻ ሕመም ቢሆን በሁለት በሦስት ቀን እየቀለለ ይሄዳል እንጂ ሽንት አያጠቁርም።

የተጎዳው ጡንቻህ ማዮግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ወደ ደም ይለቃል። ሽንቱን የሚያጠቁረው፣ ኩላሊትንም የሚጎዳው እሱ ነው። ይህን የጡንቻ መፈራረስ ራብዶማዮሊሲስ ይሉታል። እኔን ሲይዘኝ ጭኔ እንደ እንጨት ደርቆ፣ ደረጃ የምወርደው ግድግዳ ተደግፌ ነበር።

ለሐኪሙ የሽንትህን ቀለም ሳትደብቅ ንገረው። የጡንቻ ጉዳትን የሚያሳየው ሲኬ (CK) የሚባለው የደም ምርመራ ይሠራልህ፤ ኩላሊትህና በደምህ ያለው ፖታሺየምም ይታይልህ። ፖታሺየም ከመጠን ካለፈ የልብ ምት ያዛባል። ሕክምናው በዋናነት በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ነው።

አደራ፣ ለሕመሙ ብለህ ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን እንዳትውጥ። ኩላሊትህን ይብስ ይጎዱታል። ጂም ሐኪሙ እስኪፈቅድልህ ይቆይ፤ ስትመለስም ከ20 ስኳት ጀምር።