ለሙስ አደን የትኛው ጥይት ይበጃል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ስዊድን፣ ቬስተሮስ ነው። የአዳኝነት ፈተናውን በጸደይ አልፌአለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በመጪው ጥቅምት ከቡድናቸው ጋር ሙስ (ትልቁን የሰሜን አገር አጋዘን) እንዳድን ጋብዞኛል። የጨነቀኝ ጠመንጃው ነው። የሱቁ ሰውዬ «300 ማግነም ካልያዝክ ዋጋ የለህም» ይለኛል። የቡድኑ ሽማግሌ ደግሞ «6.5 ይበቃሃል» አሉኝ። ክብደቴ 62 ኪሎ ነው፤ ከፈተናው በፊት ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ የ4 ዓመት ልጅም አለን፤ ሥጋውን ቤት ማስገባቴ አይቀርም። የትኛውን ልግዛ? ደግሞስ የአባቴ ቤልጅግ ጠመንጃ ሙስ ይጥል ነበር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ 308 ዊንቸስተር ግዛ። እነዚህ ቁጥሮች የጥይት ዓይነት ስሞች ናቸው፤ ጠመንጃውም በሚተኩሰው ጥይት ይጠራል። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

መጀመሪያ ሕጉ። ስዊድን ውስጥ ሙስ የሚመታው አንደኛ ክፍል በሚባለው ጥይት ብቻ ነው። ሕጉ የሚያየው የአረሩን (ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚመታውን ክፍል) ክብደትና 100 ሜትር ላይ ሲደርስ የቀረውን ጉልበት ነው። አረሩ 10 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ 2000 ጁል (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው) ይበቃዋል። ከ9 እስከ 10 ግራም ባለው ውስጥ ከሆነ 2700 ጁል ይጠየቃል። ከ9 ግራም በታች ከሆነ ለሙስ አይሆንም። አረሩም ሲመታ የሚሰፋ ዓይነት መሆን አለበት።

ሽማግሌው አልተሳሳቱም። 6.5×55 እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊድንና ለኖርዌይ ሠራዊት የወጣ ጥይት ነው። እዚህ አገር በሱ የወደቀው ሙስ ተቆጥሮ አያልቅም። እኔም የምይዘው እሱን ነው። በ10.1 ግራም የእርሳስ አረር በሕጉ ያለ ችግር ያልፋል፤ ትከሻም አይጎዳም።

ታዲያ ለአንተ 308 ግዛ ለምን አልኩህ? በልጅህና በባለቤትህ ምክንያት። የእርሳስ አረር ሥጋ ውስጥ ሲገባ ይበታተናል፤ ስብርባሪው በዓይን አይታይም። የአገሩ የምግብ ባለሥልጣንም ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች በእርሳስ ከተመታ የአደን ሥጋ እንዲርቁ ይመክራል። ስለዚህ አንተ የመዳብ አረር ያስፈልግሃል። መዳብ ደግሞ ከእርሳስ ይቀላል። የ6.5 የመዳብ አረሮች ብዙዎቹ 8 ግራም አካባቢ ናቸው፤ በሕጉ ወደቁ ማለት ነው። 9 ግራም የሚሞላውም ቢገኝ 2700 ጁል ላይ መድረስ ይከብደዋል። በ308 ግን 9.7 ግራምም ሆነ 10.7 ግራም የመዳብ አረር እንደልብ ይገኛል። ክብደቱን ፓኮው ላይ አንብብ፤ የ100 ሜትሩን ጉልበትም አይተህ ግዛ።

30-06 የሚባለው ጥይትም ጥሩ ነው፤ ከ308 ትንሽ ይበረታል፣ ትከሻንም ትንሽ ይበልጥ ይራገጣል። ርካሽ አሮጌ ካገኘህ አትለፈው። 9.3×62 የሚባለውን ትልቁን ጥይት ድብ ላሰበ ሰው ተውለት።

አሁን ወደ ማግነሙ። ሰውዬው መሸጥ ሥራው ነው፣ አልፈርድበትም። ግን 300 ማግነም ከ6.5 ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ገደማ ይራገጣል። እኛ ዘንድ የተኩስ ሜዳ አንድ ጎበዝ ማግነም ይዞ መጣ። ሦስተኛው ጥይት ላይ የጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር ቅንድቡን ሰነጠቀው። ከዚያ በኋላ ቃታ ሊስብ ሲል ዓይኑን ይጨፍናል፤ አፈሙዙ ወደታች ይነቀነቃል። አረሩ የት እንደሚሄድ እሱም አያውቅም። ለመሆኑ ያ ሁሉ ጉልበት ለምን? ውሻ አሳድዶ ያመጣውን ሙስ ጫካ ውስጥ የምትተኩስበት ርቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሜትር በታች ነው።

ቤልጅግን በተመለከተ፣ አዎ ይጥል ነበር። የአባትህ ቤልጅግ ማውዘር ከሚባለው የጀርመን ጠመንጃ ዘር ነው፤ ጥይቱም 8 ሚሊ ሜትሩ፣ እዚህ 8×57 የሚሉት ነው። ዛሬም እሱን ይዘው ሙስ የሚያድኑ አሉ። የማይሆነው የወታደሩ ጥይት ነው። ድፍን ስለሆነ ሳይሰፋ በስቶ ያልፋል፤ በሕጉም ክልክል ነው።

ከጠመንጃው ዋጋ ላይ ቀንሰህም ቢሆን ለልምምድ ጥይት ገንዘብ አስቀር። በ80 ሜትር ላይ የሚሮጠውን የሙስ ዒላማ እስኪሰለችህ ተኩስበት። ቦታው ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ልብና ሳንባው ላይ ነው። ደግሞ ስትመታው ወዲያው ይወድቃል ብለህ አትጠብቅ። ሳንባውን የተመታ ሙስ ምንም እንዳልነካው ቆሞ ሊያይህ ይችላል፤ አንዳንዱም ተራምዶ ጫካ ይገባል። ቶሎ አቀባብል። ከቆመልህ ድገመው። ከሄደብህ አትከተለው፤ የቆመበትን ቦታ በዓይንህ ያዝና ለቡድኑ መሪ በሬዲዮ ንገር። ቁስለኛ የሚፈልግ የሠለጠነ ውሻ በሁለት ሰዓት ውስጥ መድረስ እንዲችል ሕጉ ስለሚያስገድድ፣ መሪው ማንን እንደሚጠራ ያውቃል።

እናትህ ሥጋው ይበላል ወይ ብለው ከጠየቁህ፣ ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፣ ያመሰኳል በላቸው። ማን ባረከው ካሉህ ግን ለንስሐ አባትህ ተወው። ጮማ የለውም፤ ጥብስ ስትሠራ ቅቤ አትሰስት።

የጠመንጃው መነጽር ዝቅተኛ ማጉያ ይኑረው፤ ከ1 እስከ 6 እጥፍ ይበቃል። የድምፅ ማፈኛ እዚህ ለአዳኝ የተፈቀደ ስለሆነ ጨምርበት፤ ለጆሮህም ለትከሻህም ይበጃል፣ እርግጫውን ይቀንሰዋል። የጦር መሣሪያ ፈቃድ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ጠመንጃ ለየብቻው ነው። ፈቃዱ ሳይመጣ ሱቁ አያስረክብህም፤ የፖሊስ ወረፋ ደግሞ ይረዝማል። ማመልከቻውን በዚህ ሳምንት አስገባ። የመሣሪያ ካዝናውንም አሁኑኑ ፈልግ፤ አሮጌም ቢሆን ደረጃውን ያሟላ ከሆነ ይበቃሃል።