ብድግ ሲሉ ራስ ለምን ይዞራል? ጥያቄና መልስ

ለብዙ ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ስለ ልብና ስለ ደም ዝውውር ከላካችሁልኝ ውስጥ እነዚህን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾም ቅዳሴ ቆሜ ሳለሁ ዓይኔ ጨልሞብኝ ወደቅሁ። ልቤን አሞኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን የጠየቁ ብዙ ስለሆኑ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ከተኛንበት ስንነሣ ግማሽ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። ወደ ልብ የሚመለሰው ስለሚቀንስ ልብ የሚረጨውም ይቀንሳል። አንገታችን ላይ ባለው ትልቅ ደም ሥር ግፊቱን የሚከታተሉ ነርቮች ይህን ለአንጎል ይነግሩታል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ነገሩም በጥቂት ሴኮንድ ይስተካከላል። ሳይንቀሳቀሱ ለሰዓታት መቆም ግን ከባድ ነው። ደሙን ከእግር ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው፤ እሱ ካልሠራ ደሙ እዚያው ይጠራቀማል። ውሃ አለመጠጣቱና የሕዝቡ ሙቀት ሲጨመሩበት ጤነኛ ሰውም ይወድቃል። ተረከዝሽን ከፍ ዝቅ አድርጊ፤ ላብ ላብ ካለሽ ሳታፍሪ ቁጭ በይ። እናንተም እባካችሁ፣ የወደቀን ሰው ደግፋችሁ አታቁሙት! አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉለት። ምንም ምልክት ሳይኖር ድንገት ከወደቅሽ ወይም ደረትሽን ካመመሽ ግን ሐኪም ይይሽ።

ጥያቄ፦ እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ሌሊት ሲነሡ ይንገዳገዳሉ። መድኃኒቱን ላስቁማቸው?

መልስ፦ በራስህ አታስቁማቸው። ግፊታቸው ተኝተውም ቆመውም እንዲለካ ጠይቅ። በቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሐኪማቸው መድኃኒቱን ማየት አለበት። እስከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ተቀምጠው ይነሡ።

ጥያቄ፦ ቤቴ ስለካ ግፊቴ ከፍ ይላል፤ ክሊኒክ ግን ደህና ነው።

መልስ፦ ክንድህን የት ነው የምታሳርፈው? ከልብህ በ10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ቁጥሩ 7 ወይም 8 ይጨምራል። ጠረጴዛ ላይ፣ በደረትህ ትክክል አድርገው።

ጥያቄ፦ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ በጀርባዬ ስተኛ ያጥወለውለኛል።

መልስ፦ ማሕፀንሽ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን ደም ሥር ስለሚጫነው ነው። በጎንሽ ተኚ፣ ግራ ይመረጣል። ለክትትል ስትሄጂም ንገሪያቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ ሦስት ትራስ ካልተደገፉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እርጅና ነው?

መልስ፦ እርጅና ብለህ አትተወው። ሲተኙ የእግራቸው ደም ወደ ደረት ይመለሳል፤ የደከመ ልብ ያን መግፋት ሲያቅተው ሳንባ ውኃ ይቋጥራል። እግራቸው አብጦ እንደሆነ እይና ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ውሰዳቸው፤ ተቀምጠውም ካጠራቸው አሁኑኑ።