የሺማኖ ቀይ ክሊት፣ የማይላቀቅ እግርና የጉልበት ሕመም

ጥያቄ፦ ለሮድ ብስክሌቴ ጫማ የሚነክስ የሺማኖ ኤስፒዲ-ኤስኤል ፔዳል ገዛሁ። «ለጀማሪ ቀይ ይሻላል» ስለተባልኩ ቀይ ክሊት (ጫማ ሥር ታስሮ ፔዳሉ ላይ የሚነከሰው ቁራጭ) አሰርኩበት። መብራት ላይ እግሬ አልላቀቅ እያለ ሁለቴ ወደቅሁ፤ ጉልበቴንም በውጭ በኩል ያመኛል። ፔዳሉን በሉክ ኬኦ ልለውጠው?

መልስ፦ አይለውጡት። መውደቅዎና ሕመምዎ መነሻቸው ለየቅል ነው፤ ሁለቱም ግን ፔዳል አያስቀይሩም።

ከጉልበቱ እንጀምር። የሺማኖ ቀይ ክሊት ዜሮ ዲግሪ ነው፤ ተረከዝ ወዲህ ወዲያ እንዲል አይፈቅድም። ሰማያዊው 2፣ ቢጫው 6 ዲግሪ ያላውሳል። በሉክ ኬኦ ግን ጥቁሩ ዜሮ፣ ግራጫው 4.5፣ ቀዩ 9 ዲግሪ ነው። ቀይ ይሻላል ያለዎት ሰው የሉክን ቀለም ይዞ ይሆናል። ክሊቶቹ ደግሞ አይለዋወጡም፤ የሉኩ ሺማኖ ላይ አይገባም። በደቂቃ 90 ዙር የሚመታ ሰው ጉልበቱን በሰዓት 5,400 ጊዜ ያጥፋል፤ ክሊቱ ትንሽ ጠምዞ ከታሰረ ያ ሁሉ ጥምዘዛ ጉልበት ላይ ያርፋል። ቢጫውን ይግዙ።

አሮጌውን ከመፍታትዎ በፊት ዙሪያውን በእስክሪብቶ ያስምሩ፤ ካልተስማማዎት መመለሻ ይኖርዎታል። ከዚያ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጠው እግርዎን ያንጠልጥሉ። ፔዳሉ ላይ ሲገባ ጫማው ጣቶችዎ በራሳቸው ወደሚያዩበት አቅጣጫ እንዲያይ ክሊቱን ያስተካክሉ፤ ጣቶችዎ ወደ ውጭ ካዩ የክሊቱ አፍንጫ ወደ ውስጥ ይዞራል። የፔዳሉ ዘንግ በአውራ ጣትና በትንሿ ጣት መገጣጠሚያ መካከል እንዲውል ያድርጉ፤ ከተጠራጠሩ ወደ ተረከዝ ትንሽ ይሳቡት እንጂ ወደ ጣት አይግፉት። ሦስቱን ብሎን ግራሶ ቀብተው በ4 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ እያፈራረቁ ከ5 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። ግራሶ ያልነካው ብሎን ላብና ውሃ ጠጥቶ ይዝጋል፤ ሊፈቱት ሲሞክሩ ጭንቅላቱ ይበላል።

ያወደቀዎት ከፔዳሉ በስተኋላ ያለው ሞላ ነው። እዚያ ያለችውን ትንሽ ብሎን በ2.5 ሚሊሜትር ቁልፍ ወደ መቀነሻው ምልክት እስከ መጨረሻው ያላሉ፤ ካለቀ በኋላ ግን አያስገድዷት። የግራና የቀኙ እኩል ይሁን። አንድ ነገር ይወቁ፦ ቢጫው ስለሚያላውስ ለመላቀቅ ተረከዝዎን ከቀዩ ይልቅ ራቅ አድርገው ወደ ውጭ መምታት አለብዎ። ስለዚህ ግድግዳ ተደግፈው በእያንዳንዱ እግር 50 ጊዜ አግብተው ያውጡ። መንገድ ላይ ደግሞ ብስክሌቱ ገና እየሄደ ሳለ ያውጡ፤ ከቆሙ በኋላ ጊዜ የለዎትም።

ክሊቱን ቀይረው፣ ሁለት ሳምንት ቀለል አድርገው ነድተው ሕመሙ ካልቀነሰ የኮርቻውን ከፍታ ይፈትሹ፤ ከፍ ያለ ኮርቻም የጉልበትን ውጭ ያሳምማል። ከዚያም ካልተሻለ ሐኪም ይየው።

ፔዳል መቀየር ተገቢ የሚሆነው ከብስክሌት ወርደው ብዙ የሚራመዱ ከሆነ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሌላው የሺማኖ ፔዳል፣ ባለ ሁለት ብሎኑ ኤስፒዲ ይሻላል፤ ብረት ክሊቱ ጫማው ውስጥ ስለሚቀበር እንደ ፕላስቲኩ በእርምጃ አያልቅም። ጫማዎ ግን ሁለቱን ቀዳዳ እንዲይዝ ያረጋግጡ። ሲገጥሙም የግራው ፔዳል ጥርስ ተገላቢጦሽ መሆኑን አይርሱ፤ በግድ ካስገቡት የሚበላው የክራንኩ (ፔዳሉ የሚገባበት ክንድ) ጥርስ ነው።