ፈንግል በገባበት ግቢ ጥንቸል ልጨምር?

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ከተማ ዳር ነው። የ45 ቀን ጫጩቶች ገዝቼ በጓሮዬ አሳደግኩ። ሲገዙ ተከትበዋል ተብዬ ነበር። እንቁላል ሊጀምሩ ሲሉ ለፋሲካ ከገበያ የመጣ አውራ ዶሮ ቀላቀልኩባቸው፤ በሳምንቱ አንገታቸው እየተጠመዘዘ፣ አረንጓዴ እያስቀመጣቸው ከሁለቱ በቀር አለቁ። አሁን ጥንቸልም ጨምሬ በዚያው ቤት ላረባ አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እንቁላል ሊጥሉ የደረሱ ቄቦችን ማጣት ከባድ ነው። የገለጹት ምልክት በጣም የሚመስለው ፈንግልን ነው። በሽታው የሚመጣው በቫይረስ ስለሆነ ቴትራሳይክሊን በውኃ በጥብጦ ማጠጣት አያድናቸውም፤ መከላከያው ክትባት ነው። ጫጩቶቹ ተከትበው ነበር መባሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በጫጩትነት የተሰጠ ክትባት ኃይሉ በወራት ውስጥ ይደክማል። ቄቦችዎ የሞቱትም ልክ በዚያ ክፍተት ይመስለኛል። ስለዚህ ሲገዙ የተከተቡበትን ቀን ይጠይቁ፤ ከዚያ በየሦስት ወሩ ገደማ ያስደግሙ።

ክትባቱ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል፤ በወረዳዎ የእንስሳት ጤና ባለሙያ በኩል ይጠይቁ። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ስለሆነ ከጎረቤቶችዎ ጋር ተነጋግረው በአንድ ቀን ቢያስከትቡ ወጪው ይቀላል፣ የጎረቤት ዶሮም በሽታ አያመጣብዎትም። በውኃ የሚሰጥ ከሆነ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ክትባቱን ይገድለዋል፤ የጉድጓድ ወይም የዝናብ ውኃ ይሻላል። ዶሮዎቹን ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት አስጠምተው ይስጧቸው፤ የተበጠበጠውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱ። ብልቃጡ ከባለሙያው እጅ እስከ ቤትዎ በበረዶ ይምጣ።

የተረፉት ሁለቱ የዳኑ ቢመስሉም ቫይረሱን ሊያሰራጩ ስለሚችሉ ከአዲሶቹ ጋር አያገናኟቸው። የቆየውን ጉዝጓዝ አውጥተው ያቃጥሉ፣ ቤቱን አጥበው ኖራ ይቀቡ፣ አንድ ወር ያህልም ባዶውን ያቆዩት። ወደፊት ለበዓል የሚገዛ ዶሮ እስኪታረድ ድረስ ከቤትዎ ዶሮዎች ርቆ ይታሰር። በበዓል ሰሞን ገበያ ላይ ከየአቅጣጫው የመጣ ዶሮ ስለሚቀላቀል ብዙ ጓሮ የሚያልቀው ያኔ ነው።

ጥንቸልን በተመለከተ፣ በዶሮ ቤት ውስጥ አያርቧቸው። የዶሮ ኩስ ሽታና አቧራ የጥንቸልን ሳንባ ይጎዳል። ከዚህ የባሰው መኖው ነው፤ አንዳንድ የዶሮ መኖ ውስጥ ኮክሲዲያ ለሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ መከላከያ የሚጨመሩ መድኃኒቶች ጥንቸልን ይገድላሉ። ጥንቸል ዋና ምግቧ ድርቆሽ ነው፤ እርጥብ ሣርም ቢሆን ጤዛው ጠፍቶ፣ ጠውለግ ሲል ይሰጣታል። ቤቷ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ወለሉ ሽንቷን የሚያሳልፍ፣ ጥላና ነፋስ ያለው ይሁን። ሙቀት ከብርድ የበለጠ ይጎዳታል።

ሳጥን ከመሥራትዎ በፊት ግን ማን እንደሚገዛዎት ያጣሩ። በአካባቢዎ ብዙው ሰው በሃይማኖቱ ምክንያት የጥንቸል ሥጋ አይበላም፤ ስለዚህ አስቀድመው ሆቴሎችን ማነጋገር ያስፈልጋል። ገዢ ካገኙ በአንድ ወንድና በሁለት ሴት ይጀምሩ፣ ሁሉም በየራሳቸው ሳጥን ይደሩ። ለማስጠቃት ሴቷን ወደ ወንዱ ሳጥን ይውሰዷት፤ በራሷ ቤት ከሆነ ወንዱን ትናከሰዋለች። የምትወልደው በ31 ቀን ገደማ ስለሆነ በ28ኛው ቀን ደረቅ ሣር የተነጠፈበት የመውለጃ ሣጥን ያስገቡላት።