አፍንጫው ወደ ግራ የሚሾረው ሄሊኮፕተር

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ከኮምፒውተር የበረራ ሲሙሌተሩ ጋር በሚመጣው ቤል 407 ሄሊኮፕተር ለወራት ተለማምጄ አየር ላይ ቀጥ አድርጌ ማቆም ችዬ ነበር። አሁን እውነተኛውን በደንብ የሚመስል የኤኤስ 350 ሞዴል ገዝቼ ጫንኩ። ገና ከመሬት ሲላቀቅ አፍንጫው ወደ ግራ ይሾራል። በፔዳል ላቆመው ስሞክር ይብስበታል፤ ከዚያ ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዝና ይከሰከሳል። ያለኝ ተራ የጠረጴዛ ጆይስቲክና ፔዳል ነው። ሞዴሉ ብልሽት ይኖረው ይሆን? ወይስ ጉልበት አንሶት ነው?»

ወንድሜ፣ ሞዴሉን እንዳታጠፋው፤ ደህና ነው። ጉልበትም አላነሰውም። እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 2005 ዲዲየር ዴልሳል ኤቨረስት ጫፍ ላይ ያሳረፈው የዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ኤኤስ 350 ቢ3 ነው።

መጀመሪያ እግርህን እንይ። የቤል 407 ዋና ሮተር፣ ማለትም አናቱ ላይ የሚሽከረከረው ትልቁ ክንፍ፣ ከላይ ሲታይ ከሰዓት በተቃራኒ ይዞራል፤ የኤኤስ 350 ግን በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚዞረው። ሞተሩ ሮተሩን ወደ አንድ ወገን ሲያዞር የሄሊኮፕተሩ አካል ወደ ሌላው ወገን መዞር ይፈልጋል፤ የጅራቱ ሮተር ያለው ይህን ለማገድ ነው። ቤሉ ላይ ኮሌክቲቭ፣ ማለትም ሄሊኮፕተሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ማንሻ፣ በሳብክ ቁጥር አፍንጫው ወደ ቀኝ ስለሚሄድ እግርህ ግራ መርገጥ ለምዷል። እዚህ የሚፈለገው ቀኝ ፔዳል ነው። አንተ በልማድ ግራውን ስትረግጥ መሽከርከሩን እያገዝከው ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ከቤሉ ጋር ወደ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር የገባው ካብሪ ጂ2ም በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞር እግርህን በእሱ ማለማመድ ትችላለህ።

ኮሌክቲቩን እንደ ድሮው አንዴ አትሳበው። በጣም ቀስ እያልክ ሳበው፤ ስኪዶቹ (የሚቆምባቸው የብረት እግሮች) መሬቱን ሳይለቁ ክብደቱ ሲቀላቸው አፍንጫው መንቀሳቀስ ይጀምራል። እዚያው ላይ ቁም። ቀኝ ፔዳል ጨምረህ አፍንጫው ጸጥ እስኪል ጠብቅ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ አንሳው። ይህን ሃያ ጊዜ ያህል ሳትነሳ ብትደጋግመው ከግማሽ በላይ የሆነው ችግርህ እዚያው መሬት ላይ ይቀራል።

የወደፊትና ወደኋላው መወዛወዝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን በጣም እጠረጥረዋለሁ። እኔ የሄሊኮፕተር መካኒክ ነኝ። የመሪ ዘንጎችን ስንፈትሽ አንዳችን መሪውን፣ ማለትም ሳይክሊኩን ይዘን በትንሹ ወዲያና ወዲህ እናደርገዋለን፣ ሌላው ላይ ወጥቶ ሮተሩ ሥር ያለውን፣ የመሪውን እንቅስቃሴ ወደ ሮተሩ የሚያስተላልፈውን ስዋሽፕሌት ያያል። እጅ ተንቀሳቅሶ ስዋሽፕሌቱ ዝም ካለ የሆነ ቦታ የዘንግ ጫፍ ቤሪንግ ተበልቷል ማለት ነው። ክፍተቱ ለዓይን የማይሞላ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ክፉው ቤሪንግ ተገኝቶ እስኪቀየር ያ ሄሊኮፕተር አይበርም። ሲሙሌተር ውስጥ ዴድ ዞን የሚሉት ነገር ይህንኑ ክፍተት በገዛ እጅ መጨመር ነው። ጆይስቲክህን ትገፋለህ፣ ምንም የለም፤ ትንሽ ትጨምራለህ፣ ድንገት ይመልስልሃል፤ ደንግጠህ ስትመልሰው ደግሞ ያው ባዶ ቦታ ይጠብቅሃል። ለአውሮፕላን ምናልባት ያስኬድ ይሆናል፤ ለሄሊኮፕተር ግን ፈጽሞ አይሆንም። ወደ 0 አውርደው። ጆይስቲኩ ሳይነካ ራሱ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ብቻ 1 ወይም 2 በመቶ ስጠው።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የጆይስቲኩ ሞላ ነው። ሄሊኮፕተር አየር ላይ ሲቆም ሳይክሊኩ መሃል ላይ አይደለም። የጅራቱ ሮተር አካሉን ወደ ጎን ስለሚገፋው ኤኤስ 350 ላይ ዱላውን ትንሽ ወደ ቀኝ ይዘህ ትቆያለህ፤ አካሉም በቀኝ በኩል ትንሽ ዘንበል ይላል፤ አትደንግጥ፣ ትክክል ነው። ሞላው ግን ያለማቋረጥ ወደ መሃል ይጎትትሃል። ሞዴሉ ትሪም፣ ማለትም መሪውን በያዝክበት ቦታ የሚያቆይልህ ነገር፣ ካለው ዱላውን የቆመበት ቦታ ላይ ልቀቅበት። ከርቩንም፣ ማለትም ጆይስቲኩ ሲገፋ ሄሊኮፕተሩ ምን ያህል እንደሚመልስ የሚወስነውን መስመር፣ ቀጥ ያለ አድርገው። ብዙ ሰው መሃሉን የሚያለሰልስ ከርቭ ይመክራል፤ አንተ ግን የምትሠራው ከመሃል ውጪ ስለሆነ ዳር ላይ ያለው ፍጥነት እጅህን ያታልለዋል።

አንድ የተደበቀ ነገርም ፈትሽ። የጆይስቲክህ ትንሿ ማንሻ ለኮሌክቲቭም ለሞተሩ ጋዝም አንድ ላይ ተመድባ እንዳትሆን። ከሆነ ኮሌክቲቭ ባወረድክ ቁጥር ሞተሩን እያጠፋኸው ነው፤ የሮተሩ ዙር ይወርዳል፣ ማስጠንቀቂያውም ይጮሃል። እንዲሁ የጆይስቲኩ መጠምዘዣና ፔዳሉ ሁለቱም ለጅራት ሮተር ከተመደቡ እርስ በርስ ይጣላሉ፤ የጆይስቲኩን ሰርዘው።

ምስሉ የሚቆራረጥ ከሆነ የግራፊክሱን ጥራት ቀንስ። እጅህ ከሚያደርገውና ዓይንህ ከሚያየው መካከል የሚገባው መዘግየት ነው ውዝዋዜውን የሚያባብሰው፤ በሰከንድ ሲዘል ከሚውል 60 ፍሬም (ምስል) የማይናወጥ 30 ይሻላል። እይታውን አስፋው፤ አፍንጫው ሥር ሳይሆን ራቅ ያለውን አድማስ ተመልከት።

ነዳጁን ግማሽ አድርገህ ጀምር። ከቆመበት ቀስ ብለህ ወደፊት ስትገፋው ከ16 እስከ 24 ኖት (የበረራ ፍጥነት መለኪያ) መካከል ትንሽ ይንቀጠቀጥና ድንገት ቀለል ይልሃል፤ ሮተሩ ራሱ ካበላሸው አየር ወጥቶ ንጹሕ አየር ማግኘቱ ነው። ስትመለስ ደግሞ ከዚያ ፍጥነት በታች ሆነህ በደቂቃ ከ300 ጫማ በላይ አትውረድ። ሮተሩ በራሱ ንፋስ ውስጥ ሊሰምጥ ይችላል፤ ያኔ ኮሌክቲቭ መሳብ ያባብሰዋል። መጀመሪያ ኮሌክቲቩን ቀንስ፣ አፍንጫውን ወደፊት አዘንብለህ ፍጥነት ያዝ፣ ከዚያ ጉልበቱን መልስለት።