«ሞተሩ ይውረድ» ከመባሉ በፊት፦ ስለ አሮጌው ላንድክሩዘር ፒክአፕ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ከአባትዎ የወረሱት ባለ 2ኤፍ ቤንዚን ሞተር ላንድክሩዘር ፒክአፕ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ከተነሣ ወዲህ ጠዋት ያለ ችግር እንደሚነሣ፣ ከለገሃር ወደ ላይ የቸርችልን ዳገት በመኪና ሰልፍ ውስጥ ሲወጣ ግን ቴዎድሮስ አደባባይ ሳይደርስ እየተንተፋተፈ እንደሚጠፋ፣ ጥቂት ሲያርፍ ደግሞ እንደገና እንደሚነሣ ጽፈዋል። ጥቁር ጭስ እንዳለው፣ ጋራዥ ገብቶ ኮምፕሬሽኑ (በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ የሚታመቅበት ግፊት) ሲለካ ስድስቱም ሲሊንደሮች ከ110 እስከ 118 ፒኤስአይ በማሳየታቸው «ሞተሩ ይውረድ» እንደተባሉም ገልጸዋል፤ ካልሆነም በናፍጣ ሞተር ልቀይረው ወይ ብለዋል። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በእነዚህ ሞተሮች ላይ ለብዙ ዓመታት ስለሠራሁ የማውቀውን በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ። በእኔ እምነት እርስዎ የጻፉት ምልክት ሞተር የሚያስወርድ አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ ኮምፕሬሽኑ። የፋብሪካው የጥገና መጽሐፍ ለዚህ ሞተር 150 ፒኤስአይ አካባቢ ይላል፤ ዝቅተኛው ወሰን ደግሞ 114 ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ይዞ የእርስዎን መኪና የለካ ሰው ሞተሩ አልቋል ብሎ ቢደመድም አያስገርምም፤ ነገር ግን ቁጥሩ ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል። ፒስተኑ የሚያምቀው አየር ከመነሻውም አነስተኛ በመሆኑ፣ ጂቡቲ ወደብ ላይ 150 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ፒያሳ ላይ ሲለካ 115 ቢያሳይ የሚጠበቅ ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ በዚህ ምክንያት ብቻ ፋሻቸው (የፒስተን ቀለበታቸው) እና ፒስተናቸው ያለ ጥፋቱ የተቀየረ ሞተሮችን ማየት ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ከቁጥሩ መጠን ይልቅ መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ የእርስዎ ልዩነት ስምንት ብቻ መሆኑ ሞተሩ በእኩል የሚሠራ መሆኑን ይመሰክራል። ጥርጣሬ ካለዎት ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ (እሳት የሚሰጡት) በሙሉ ወጥተው፣ ባትሪው በደንብ ተሞልቶና ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ በድጋሚ ይለካ። ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ የተለካ ኮምፕሬሽን ምንጊዜም ዝቅ ብሎ ይታያል። ያነሰ ሲሊንደር ከተገኘ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ መለካት ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ችግሩ የፋሻ፣ ካልጨመረ ግን በአብዛኛው የባልቦላ (አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው በር) ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በዚህ መኪና ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ዕቃ) ጎን ላይ፣ ቤንዚኑ በሚጠራቀምበት ክፍል በኩል፣ አንዲት ትንሽ ክብ መስታወት አለች። ብዙ ሰው በአቧራና በዘይት ተሸፍና ስለሚያገኛት ልብ አይላትም፤ እኔ ግን መኪናው በጠፋ ቅጽበት ከሁሉ አስቀድሜ የማየው እርሷን ነው። በጨርቅ ወልውለው የእጅ ባትሪ ያብሩባት። ጤነኛ ከሆነ የቤንዚኑ ከፍታ መስታወቷን መሐል ለመሐል ይከፍላታል። መኪናው ሲጠፋ ባዶ ሆና ከታየች ነዳጁ አልደረሰም ወይም ፈልቶ አልቋል ማለት ነው። ቤንዚኑ ከመስታወቷ በላይ ከሆነ ደግሞ የቤንዚኑን መግቢያ የሚዘጋው የተንሳፋፊው መርፌ አይዘጋም፤ ሞተሩ በቤንዚን ይታፈናል፤ ጥቁሩ ጭስም ከዚያ ይመጣል። መሐሉ ላይ ከቆመ ነዳጁን ትተው ወደ ካንዴላው እሳት ይሂዱ፤ ሲሞቅ የሚደክም ቦቢና ወይም ኮንደንሰር (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚያዘጋጁት ዕቃዎች) ልክ እርስዎ የገለጹትን ዓይነት አጠፋፍ ያመጣል። ካንዴላውን አውጥተው ከሞተሩ አካል ጋር ሲያስነኩት እሳቱ ቀጭንና ቢጫ ከሆነ ጥፋተኛውን አግኝተዋል፤ ይህን ሲያደርጉ ግን በአካባቢው የፈሰሰ ቤንዚን እንዳይኖር ይጠንቀቁ።

መስታወቷ ባዶ ከሆነች ከታንከሩ ይነሡ። ሊጠፋ ሲያንገራግር የታንከሩን ክዳን ከፈት ያድርጉ፤ አየር «እስስ» ብሎ ከገባና መኪናው ካገገመ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል ማለት ነው፤ ምንም ወጪ የሌለው ምርመራ ስለሆነ አይለፉት። ቀጥሎ ወደ ነዳጅ ፓምፑ የሚገባውን ጎማ ፈትተው በንጹሕ ጠርሙስ ቤንዚን ይቅዱና ሳይነኩ ያሳድሩት። ጠዋት ከሥር ውሃ ወይም ቡናማ ዝገት ካገኙ ታንከሩ ወርዶ መታጠብ አለበት፤ ፊልትሮ መለወጥ ብቻውን አይበቃም፣ በሳምንቱ ይደፈናልና። ታንከሩን ብየዳ ቤት ከወሰዱት ውስጡ የቀረው ጋዝ ሙሉ በሙሉ ሳይወገድ ፈጽሞ እንዳያስነኩት፤ ሰው የሞተበት ነገር ነው።

ነዳጅ የሚያስተላልፉትን ቀጫጭን ጎማዎች በሙሉ እንዲለውጡ እመክራለሁ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን ቤንዚን ውስጥ በየጊዜው ኢታኖል ሲቀላቀል ቆይቷል፤ የዚያ ዘመን ጎማ ደግሞ ለኢታኖል የተሠራ አይደለም። ከታንከር እስከ ፓምፕ ያለው ጎማ በተለይ ያታልላል፤ ከውጭ ደረቅና ጤነኛ መስሎ አንድ ጠብታ ሳያፈስ አየር ይስባል። ጎንበስ አድርገው ሲያጥፉት ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ከታየ አልቋል። በነዳጅ ፓምፑ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን (ዲያፍራም) ከተቀደደ ደግሞ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይገባል፤ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥተው ያሽትቱ። ቤንዚን ከሸተተ ዘይቱ ሳይቀየር መኪናው አይንቀሳቀስ።

ሙቀቱም የራሱ ድርሻ አለው። በዚህ ሞተር ላይ አየር የሚገባበትና ጭስ የሚወጣበት ማኒፎልድ በአንድ ጎን ናቸው፤ ካርቡራተሩ ከጋለው ብረት በላይ ተቀምጧል። ውሃ በአዲስ አበባ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ እንደሚፈላ ሁሉ ቤንዚንም እዚህ ቀድሞ ይፈላል፤ በቀስታ በሚሄድ ሰልፍ ውስጥ ደግሞ ነፋስ የለም። ስለዚህ በካርቡራተሩና በማኒፎልዱ መካከል ያለው ሙቀት መከላከያ ተነቅሎ ተጥሎ እንደሆነ፣ በጭሱ ማኒፎልድ ውስጥ ያለችው የሙቀት ማዞሪያም በዝገት በሙቁ በኩል ተጣብቃ እንደሆነ ያረጋግጡ። ሲቀዘቅዝ በእጅ ካልተንቀሳቀሰች ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭተው በትዕግሥት ያላቅቋት።

መርፌው ጤነኛ ሆኖ ጭሱ ከቀጠለ ምክንያቱ የካርቡራተሩ ጄት (ቤንዚን የሚያሳልፈው ባለ ትንሽ ቀዳዳ ዕቃ) ለዚህ ከፍታ መስፋቱ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ አነስ ያለ መግጠም ነው። ጄትን በሽቦ የሚወጋ መካኒክ ካዩ ያስቁሙት፤ ቀዳዳዋ አንዴ ከሰፋች አትመለስም። የባልቦላው ክፍተትም ሞተሩ ሞቆ ሳለ ለአየር 0.20፣ ለጭስ 0.35 ሚሊሜትር ይስተካከል።

ወደ ናፍጣ መቀየሩን አልደግፍም። የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ የተጻፈ ስለሆነ ለውጡ ሕጋዊ ሂደት ይጠይቃል፤ ካምቢዮውና የሞተር መቀመጫውም አብረው ይነካሉ። ለዚያ ከሚያወጡት ገንዘብ በጥቂቱ ከሱማሌ ተራ የካርቡራተር መጠገኛ ዕቃ፣ የነዳጅ ጎማዎችና ቦቢና መግዛት ይችላሉ፤ የመርፌውን ጫፍና የጓርኒሲዮኑን (የመጋጠሚያ ማሸጊያውን) ቅርጽ ከአሮጌው ጋር ሳያስተያዩ ግን አይክፈሉ። መኪናው በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋ መስታወቷ ላይ ያዩትን ፎቶ አንሥተው ቢልኩልኝ ከየትኛው መጀመር እንዳለብዎት በትክክል እነግርዎታለሁ።